የጋሽ ይግለጡ ቁርጥራጭ

በአንድ ወቅት፣ መኪና በገበያ ቀን ብቻ በሚያልፍባት ትንሽ ከተማ ውስጥ ይግለጡ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበረ። ከተማዋ ሌላ ልብስ ሰፊ አልነበራትም። ክርስትና የተነሳው፣ ትምህርት ቤት የገባው፣ ያገባው፣ የተሾመው ሁሉ በእሱ መቀስ ያለፈ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ሞተ። ሚስቱን እትዬ ጥሩዬን፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ትቶ ሞተ። ውርሱንማ አትጠይቁኝ፤ አንድ የእግር ስፌት መኪናና በየማዳበሪያው የታጨቀ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው።

ዓመታት አለፉና የመጨረሻዋ ልጅ ስንዱ ለሰርግ ደረሰች። መዳሩስ ደስ ይላል፤ ባዶ እጅ መሆኑ ነው ክፋቱ። ወንድሞቿ በባሕር ዛፍ ግንድ ዳስ አቆሙ፣ አሮጌ ሸራ አለበሱት፣ በቃ፣ ያላቸው ይኸው ነው። የሙሽራው አክስት ዳሱን ልታይ መጣችና ዙሪያውን ቃኘች።

«ምነው፣ የለቅሶ ድንኳን መሰለሳ! አስጌጭ ከነአበባው እንላክላችሁ እንዴ?»

እትዬ ጥሩዬ አንገቷን ደፋች። ስንዱ ግን እሳት ጎረሰች። «አንፈልግም! በሰው አበባ አልዳርም» አለች። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ነው እንባዋ የመጣው። ከዚያ ወንድሞቿንና እህቷን ሰበሰበች።

«ይኼን ዳስ ባዶ ያደረገው አበባ ማጣት አይደለም፤ አባዬ የለበትም። አባዬን ዳሱ ውስጥ ያስገባልኝ ሰው በእሱ ምትክ እጄን ይዞ ለሙሽራው ያስረክበኛል። ሌላ ሰው እጄን አይነካም።»

ይኼ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚያች ከተማ ሙሽራዋን እጇን ይዞ አውጥቶ «ልጄን አደራ» የሚለው አባት ነው። አባት ከሌለ፣ ያን ቃል የተናገረ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ አባት ይሆናል። ይከበርበታል። ሙሽሪትም ከባሏ ብትጣላ መግቢያዋ እሱ ዘንድ ነው። ታዲያ ሦስቱም ቋመጡ። በምን አቅም እንዳትሉ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ታላቁ አስናቀ ነው፤ ነገር የማያበዛ ሰው። ተነስቶ ወጣና ማዳበሪያዎቹን እየጎተተ ተመለሰ። አባቱ የሞተ ሰሞን ፍራሽ አዳሽ መጥቶ ቁርጥራጩን ልግዛ ሲል፣ እናቱ እንኳ «ይውሰደውና ቤቱ ይጽዳ» ስትል፣ አስናቀ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጦ አልነሳም ያለ ነው። ቤት በቀየረ ቁጥር ተሸክሞት ሲዞር ሚስቱ «ወይ እኔን፣ ወይ ይኼን የአይጥ ማደሪያ ምረጥ» ብላው ታውቃለች። ለምን ታስቀምጠዋለህ ሲባል «የአባቴ መቀስ የነካው ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ያን ቀን ሁሉንም መሬት ላይ ዘረገፈና «ይኸው አባዬ» አለ። ጎረቤት ሳቀበት። ምን ያድርግ ጎረቤት፣ የጨርቅ ክምር ነዋ!

እህቱ ዘርፌ አልሳቀችም። የእግር መኪናውን አቧራ ጠረገች፣ ዘይት አጠጣችና ተቀመጠች። ቁርጥራጩን ሦስት ማዕዘን እያደረገች ቆረጠች፣ ጠርዙን ቀመቀመች። መርፌ ጣቷን ወጋት፤ በጨርቅ አስራ ቀጠለች። መስቀያ የሚሆን ረጅም ጥብጣብ ሲቸግራት ምን ያደረገች ይመስላችኋል? አባቷ ሊሞት ሲል የሰፋላትን ቀይ ቀሚስ፣ ለክፉም ለደግም ያልለበሰችውን፣ ከሳጥን አውጥታ መቀስ አነሳችበት።

«ኧረ በስመ አብ! እሱንማ ተይው!» ብላ እናቷ ጮኸች።

«እማዬ፣ ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችና ከንፈሯን ነክሳ ቆረጠችው። እውነት ለመናገር ከቆረጠችው በኋላ አልቅሳለች። ቀዩ ጥብጣብ ግን ከምሰሶ ምሰሶ ተወጠረ።

ሁለተኛው ወንድም ልሳኑ ደግሞ ወሬኛ ነው፤ ሥራ ሲባል የሚጠፋ፣ ጨዋታ ሲባል የማይታጣ። በልጅነቱ የተሰፋውን ልብስ ለየደንበኛው የሚያደርሰው እሱ ነበርና ጨርቁን ሲያይ ባለቤቱን ያውቃል። ዘርፌ ቁርጥራጩን ጥብጣቡ ላይ ልትሰካ ስትል እጇን ያዛት። «ቆይ! እኛ አንሰቅለውም። ባለቤቶቹ ይስቀሉት።» መቼም የጥሪ ካርድ የማሳተም አቅም የለ፤ ቁርጥራጩን በጥሪ ካርድ ፈንታ ይዞ በየቤቱ ዞረ። «ይኼ የእርስዎ የሰርግ ሱሪ ነው፤ ለስንዱ ሰርግ ይዘውት ይምጡ» ይላል። «ይቺ የልጅሽ የክርስትና ቀሚስ ናት» ይላል። አቶ ደጀኔ ቤት ሳይቀር ገባ! አቶ ደጀኔ እኮ ከይግለጡ ጋር በአጥር ተካሶ፣ ቀብሩ ላይ እንኳ ያልቆመ ሰው ነው። ልሳኑ ግን ጥቁር የሱፍ ቁራጭ እጁ ላይ አኑሮ «በሹመትዎ ቀን የለበሱት» ብሎት ወጣ።

የሰርጉ ቀን ጉድ ታየ! ከተማው ቁራጩን ይዞ ጎረፈ። ካኪው፣ ፖፕሊኑ፣ አቡጀዲው፣ የተማሪ ልብሱ ተሰቀለ፤ ጥብጣቡ እንደ በርበሬ ዛላ ሞላ። አንዱ ሲሰቅል ሌላው «በዚያ ሱሪ አይደል ከበቅሎ የወደቅኸው!» እያለ ያሽካካል። ከሰርገኛው ቀድማ የመጣችው የሙሽራው አክስት «ኧረ ለእኔም ቁራጭ ፈልጉልኝ» ብላ መለመን ጀመረች። የት ይገኝላት!

በመጨረሻ አቶ ደጀኔ ገባ። ቁራጩን ሰቀለና እትዬ ጥሩዬ ጉልበት ላይ ተደፋ።

«ሲለካኝ ትከሻዬን መታ አድርጎ ‹ቀና በል፣ ዛሬ ሹም ነህ› ብሎኝ ነበር። ይቅር በይኝ» አለ።

«ተነስ። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ እሱም ብሎሃል» አለችው።

ስንዱ ከጓዳ በመጋረጃው ቀዳዳ ታይ ነበር። «አባዬ ገባ! አባዬ ዳሱ ገባ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ሙሽራ በገዛ ሰርጓ እልል ስትል በዚያች ከተማ ያን ቀን ታየ። ዳሱም ተቀበላት፤ ሸራው የሚነሳ እስኪመስል እልል ተባለ።

በዚሁ መሃል ሰርገኛው እየጨፈረ ደጃፍ ደረሰ። ሦስቱም ስንዱ ፊት ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«እኔ ባልጠብቀው ምን ትሰፊ፣ አንተስ ምን ታዞር ነበር?» አለ አስናቀ።

«እኔ ባልሰፋው የጨርቅ ክምር አልነበረም? ቀሚሴንስ ማን ይመልስልኛል?» አለች ዘርፌ።

«እኔ ባላዞረው ጌጥ ይሆን ነበር እንጂ አባዬ አይሆንም ነበር» አለ ልሳኑ።

ዳሱ ተከፋፈለ። ሽማግሌዎቹ «ታላቅ እያለ!» አሉ። ሴቶቹ «ሴት ልጅ ‹አደራ› ብትል ምላሷ ይታጠፋል እንዴ?» ብለው ተነሱባቸው። አቶ ደጀኔ ልሳኑን አለ። እናትየዋ ብትጠየቅ «ሦስቱም ከአንድ ሆድ ነው የወጡት፤ እኔን አታነካኩኝ» ብላ ወደ ወጡ ሸሸች። አንድ አስታራቂ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ሦስታችሁም ያዟት» ቢል ስንዱ ራሷን ነቀነቀች።

«ቀኝ እጄ አንድ ነው፤ ቃሌም አንድ ነው።»

እኔ ከዚህ አላልፍም። ሰርገኛው ደጅ ላይ ነው፣ ሙሽራው አንገቱን እያሰገገ ነው። ስንዱ ፊት ሦስት እጅ ተዘርግቷል፤ አንዱን ሸክም አሻክሮታል፣ አንዱን መርፌ በስቶታል፣ አንዱ የከተማውን በር ሁሉ አንኳኩቷል። ሙሽሪትም ቀኝ እጇን አንስታ እናንተን ትጠብቃለች። በሉ ፍረዱ፤ አባቷን ዳስ ያስገባው ማነው? እጇን ለማን ትስጥ?