የአሊጋዝ «ኖ ፕሮብሌም»

ሰው ይህችን አባባል እንደመጣለት ይወረውራታል። በእኛ መንደር ግን መነሻ አላት፤ ባለቤቷም ዛሬ ድረስ በሕይወት አለ፣ ስናወራት ባይወድም።

መንደራችን ገደል ግርጌ ናት። ጤና ጣቢያውም ገበያውም ከዳገቱ በላይ ነው፤ መኪና ወደ እኛ አይወርድም። ስለዚህ የታመመ ሰው የሚወጣው በቃሬዛ ነው፤ ለዚህም ወንዶቹ በየሳምንቱ ስድስት ስድስት እየሆኑ ተራ ይገባሉ። ተረኛ ከመንደር አይርቅም። የግድ ከሆነበት ሰው ይተካል።

አሊጋዝ መንገድ የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎችን ካምፕ ሲጠብቅ ቆይቶ ሲመለስ ይዞልን የመጣው አንድ እንግሊዝኛ ነው፤ «ኖ ፕሮብሌም»። ሲያመሰግኑት «ኖ ፕሮብሌም»። ሲለምኑት «ኖ ፕሮብሌም»። ፍየሎቹ የጎረቤት ማሽላ ሲበሉም ባለማሳውን የሚያጽናናው በዚችው ነው። ትርጉሟን ብንጠይቀው «ችግር የለም ማለት ነው» አለን። የማን ችግር እንደሌለ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ታዲያ አሊጋዝ ራሱ ተረኛ በሆነበት ሳምንት፣ በገበያ ዋዜማ፣ ሐሰን መጣበት።

«ወንድሜ፣ ነገ በሬ ልሸጥ ነው፤ ተራዬን ትይዝልኛለህ?»

«ኖ ፕሮብሌም!»

ሐሰን እየመረቀው ሄደ። ቀጥሎ እንድሪስ መጣ፤ ከእሱም በኋላ የቀሩት ሦስት ተረኞች፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ። ሁሉም «ሌሎቹ አሉ» ብለው ነው የለመኑት፤ አሊጋዝም ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠ። እንቢ ማለትን በየትኛውም ቋንቋ አልተማረም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የሐሰንን ሚስት ጦይባን ምጥ ያዛት። ወሯ ገና ነበር፤ ልጁም የበኩሯ ነው። አዋላጃችን እማማ ዚነት ዳሰሷትና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ልጁ በጎን መጥቷል፤ ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ቃሬዛ!»

ቃሬዛው ወጣ። አሊጋዝ አጠገቡ ቆመ፤ ብቻውን።

«ሐሰንስ?» አሉ እማማ ዚነት።

«በእሱ ፈንታ እኔ አለሁ።»

«እንድሪስስ?»

«የእሱም ተራ እኔው ጋ ነው፣ እማማ።»

«የሌሎቹስ?»

«የእነሱም» አለና አሊጋዝ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ አነሳ።

«ታዲያ ስድስት ትከሻ አብቅለሃላ!»

ጦይባ ከውስጥ ጮኸች። ወንዱ ሁሉ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይጠብቃል? እኛ ሴቶቹ መቀነታችንን አጥብቀን ተሸከምን። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም መንደሩ አይቶ አያውቅም ነበር። አሊጋዝም አንዱን ጫፍ ይዞ ነበር፤ ግን ዳገቱ ሳይጋመስ ጉልበቱ ከዳውና አማቴ ከትከሻው ላይ ነጥቃ ቀጠለች። የጦይባ ድምፅ እየሰለለ ሲሄድ ያን ቀን የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። እግሬን የረገጥኩበትን እንኳ አላየሁም።

ደረስን። ጦይባም ልጇም ተረፉ፣ አልሐምዱሊላህ። እኛ ግን በጤና ጣቢያው ግቢ እንደተጣለ ጆንያ በየቦታው ወደቅን።

ሐሰን ወሬ ሰምቶ ከገበያ እየሮጠ ሲመጣ በሩ ላይ ያገኘው አሊጋዝን ነው። እንባው እየወረደ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

«ወንድሜ፣ አወጣህልኝ! ውለታህን በምን እከፍለዋለሁ?»

አሊጋዝ ወደ እኛ ሰረቅ አድርጎ አየ።

«ኖ ፕሮብሌም» አለ።

እኛ የምንናገርበት ትንፋሽ አልነበረንም፤ እማማ ዚነት ግን እግራቸውን ዘርግተው እንደተቀመጡ ቀና አሉና «እውነቱን ነው እኮ ልጆቼ፤ አፍ ዳገት አይፈራም» አሉ።