የአሥራ ሰባቱ ሳላዎች ሞት

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ በአፋር ቆላ በሚገኝ ጥብቅ የዱር እንስሳት ሥፍራ፣ አሥራ ሰባት ቀንደ ረጃጅም የዱር ሳላዎች ሞተው ተገኙ።

የሥፍራው ኃላፊ አላመነታም። «በሽታውን ያመጡት የአርብቶ አደሮቹ ፍየሎች ናቸው። እስከ ቅዳሜ ከወንዙ ዳር ይነሱ!» ብሎ አዘዘ። ጊዜው በጋ ነው፤ ለአርብቶ አደሮቹ ከወንዙ ሌላ ውሃ የለም። ሰባ ቤተሰብ መንጋውን በውሃ ጥም ሊያጣ ሁለት ቀን ቀረው።

ከሰዓት በኋላ የእንስሳት ሐኪሟ ስንዱ ደረሰች። ሬሳ ሳትከፍት ከአንዱ ጆሮ ደም ወስዳ በማይክሮስኮፕ አየች። አባ ሰንጋ ነበር።

«ይህ በሽታ አፈር ውስጥ ለዘመናት ይቆያል» አለች። «መጀመሪያ የሞተው የት ነው?»

ኃላፊው አያውቅም። እየሮጠች ወደ ወንዙ ወረደችና የአርብቶ አደሮቹን ሽማግሌ ሐንፈሬን አገኘች።

«አባቴ፣ ጊዜ የለኝም። ስለ ሳላዎቹ ብቻ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ሳቀ። «ዳጉ በቁም አይነገርም። ግመል እንኳ ሊጫን ሲል ይንበረከካል፤ ተቀመጪ ልጄ!»

ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት ወግ ነው። ተቀመጠች።

«የመጀመሪያዋ የወደቀችው የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ የሥፍራው መሥሪያ ቤት ለዱር እንስሳቱ ባስቆፈረው አዲስ ኩሬ አጠገብ።»

«ማን አየ?»

«ጨው ጭኖ ያለፈ ዘመዴ።»

«ፍየሎቻችሁስ?»

«ከክረምት ወዲህ እዚያ አልደረሱም።»

ሐኪሟ በወሬ ብቻ አላመነችም። ኃላፊውንና ሽማግሌውን ይዛ በመኪና ወደ ኩሬው ከነፈች። የመጀመሪያዋ ሳላ አጥንት በተባለው ቦታ ተገኘ። የፍየል ዱካ የለም። ከተቆፈረው አፈር ግን ያረጀ የከብት አጥንት ወጥቶ ተበትኗል።

«በአባቴ ዘመን በአባ ሰንጋ ያለቁ ከብቶች መቀበሪያ ነው» አለ ሐንፈሬ።

ኃላፊው ተቆጣ። «ታዲያ ሳንቆፍር ለምን አልነገራችሁንም?»

«መጥተን ነበር።»

«ውሸት! ማንም አልመጣም።»

ዓርብ ትዕዛዙ ተሻረ፤ ኩሬው ታጠረ። በሳምንቱ የኩሬው አፈር ምርመራ ውጤት ደረሰ፤ አባ ሰንጋ ነው። ሞቱም ቆመ።

ጥፋተኛ መፈለግና መነሻ መፈለግ አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያው ጣት መቀሰር ይበቃል፤ ለሁለተኛው ጠይቆ ማዳመጥ፣ ሄዶም ማየት ያስፈልጋል።

ከወር በኋላ ስንዱ የመሥሪያ ቤቱን የበር ጥበቃ መዝገብ አገላበጠች። ቁፋሮው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው እንዲህ ተጽፏል፦ «ሦስት ሽማግሌዎች ስለ ኩሬው ለመናገር መጥተው፣ ደብዳቤ ስላልያዙ ተመልሰዋል።»