ኳስ ስተው የማያውቁት አራቱ

አንድ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ጓንጉል ይባላል። ቡድኑ ዋንጫ ከነካ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ቢሆንም ጓንጉል አንድ የሚመካበት ልጅ ነበረው፤ አብነት የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት። ኳስ አያያዝ ያስተማረው ራሱ ጓንጉል ነው፤ ያኔ ልጁ ኳሱን በሁለት እጁ ታቅፎ ሲሮጥ ከኳሱ ጋር አብሮ ይወድቅ ነበር። አሁን ግን አብነት ሲዘል ተመልካቹ ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ጓንጉል ልጅ አልወለደም። «ይህን ልጅ ካጣሁ ሜዳው ምን ያደርግልኛል?» ይል ነበር ለብቻው ሲሆን።

ከተማዋ አንድ ልማድ ነበራት። ቡድኑ አዲስ ተጫዋች ሊያመጣ ሲያስብ፣ ተጫዋቹ ገና ሳይደርስ በሜዳው ዳር የጠፍር በርጩማ ይወጣለታል። በዚያ በርጩማ ማንም አይቀመጥም። በአጠገቡ የሚያልፍ ሁሉ ጎንበስ ብሎ «በደኅና ግባ» ይለዋል። ቦታው አስቀድሞ ያልተከበረለት ሰው እግሩ አይቀናውም ይባላል።

በአንድ የበጋ ከሰዓት አንድ እንግዳ ወደ ሜዳው መጣ። መንገዱ ሁሉ አቧራ ነበር፤ የእንግዳው ጫማ ግን አንድ ብናኝ እንኳ አልነካውም። ከጓንጉልና ከቡድኑ ሊቀመንበር ፊት ቆሞ፣ ረጋ ብሎ ተናገረ።

«ልጁን ስጡኝ። በምትኩ ከሚመጡት ተጫዋቾች መካከል ከማንም ቀድማችሁ የምትመርጡበት አራት ተራ እሰጣችኋለሁ። አራት የተመረጡ ልጆች ማለት ነው።»

«ልጆቹ አሁን የት ናቸው?» አለ ጓንጉል።

«አንደኛው ብይ ይጫወታል። ሁለተኛው ዳዴ ይላል።»

«ሁለቱስ?»

«ሁለቱ ገና እናት አላገኙም።»

ጓንጉል ከእንግዳው አንድ እርምጃ ሸሸ። ሊቀመንበሩ ግን እጁን አጨበጨበ። «አንተ ጓንጉል፣ ምን ያስጨንቅሃል? አንድ ሰጥተን አራት! ደግሞስ ያንተ አብነት የትኛውን ዋንጫ አምጥቶልናል?»

ትኬት ቆራጯ ዘርፌ ከበሩ ሆና ሰማች። «ላም አለኝ በሰማይ!» አለች ጮክ ብላ። «ዳዴ የሚለውን ንፍጡን ማን ይጠርግለታል? ሊቀመንበሩ?»

በዙሪያው ያሉት ሳቁ። እንግዳው አልሳቀም። ፊቱን ወደ ጓንጉል አዞረ። «የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ። እስከዚያ ለሚመጡት ቦታ ቢያወጡላቸው ደስ ይለኛል። ልማዳችሁ መሆኑን ሰምቻለሁ።»

ጓንጉል አሰበ። በርጩማ ማውጣት መፈረም አይደለም። ሊቀመንበሩም ለጊዜው ዝም ይላል። ስለዚህ «እሺ፣ ይውጣላቸው» አለ።

በዕቃ ቤቱ የተገኙት በርጩማዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። አራተኛው እንዳይጎድል አብነት የሚቀመጥበትን ጨመሩበት። «ለጊዜው ነው» አሉት። አብነትም ፎጣውን ሲሚንቶው ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ።

በመጀመሪያው ሳምንት አብነት በልምምድ ላይ ሁለት ቀላል ኳሶች ሳተ። «እነዚያ ቢሆኑ አይስቱም ነበር» አለ አንድ ተመልካች፣ ወደ በርጩማዎቹ በአገጩ እየጠቆመ። ማንም አልተከራከረውም። እውነቱን ነዋ! ያልመጣ ተጫዋች ኳስ ስቶ አያውቅም። ጉልበቱ አያብጥም፣ አያኮርፍም፣ ፈተና ደረሰብኝ ብሎ ከልምምድ አይቀርም። አብነት ግን ይህን ሁሉ ያደርግ ነበር፤ ሰው ነውና።

በሁለተኛው ሳምንት የበርጩማዎቹ ጠፍር መሐሉ ላይ ረገበ። አንድ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት የከረመ ይመስላል። ጠዋት ጠዋት ጠፍሩ ላይ ርጥበት ይታያል፤ እጁን ያሳረፈበት ሰው ላብ ላብ ይሸተዋል። በዚያ ሰሞን ዝናብ አልነበረም። ተጫዋቾቹ ሲሮጡ በርጩማዎቹ አጠገብ ሲደርሱ ይዞሩ ጀመር፤ የተዘረጋ እግር እንዳይረግጡ የሚጠነቀቁ ያህል። ያች ስታሾፍ የነበረችው ዘርፌ እንኳ ስታልፍ ጎንበስ ማለት ለመደች። አንድ ቀን ጓንጉል ሰማት፤ «በደኅና ግባ» ካለች በኋላ መልስ እንደተሰጠው ሰው ፈገግ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

በሦስተኛው ሳምንት ከጎረቤት ከተማ ቡድን ጋር ግጥሚያ ነበር። አብነት የዚያን ቀን እንደተጫወተው ዕድሜውን ሙሉ ተጫውቶ አያውቅም ይባላል። ይባላል እንጂ ያየው የለም። ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደ በርጩማዎቹ አዙሮ ተቀምጧል። አብነት ከሩቅ ወርውሮ ሲያስቆጥር ማንም አላጨበጨበም። ምንም ሳይሆን ግን ድንገት ጭብጨባው ይነሣል፣ ድንገት ደግሞ ጸጥ ይላል። ጓንጉልም ሦስተኛውን በርጩማ እያየ ነበር። ኳሱ መረቡን አልፎ ሲወርድ ድምፁን ሰማ። ዞሮ አላየም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጓንጉል ብድግ አለ። «ተነሥ! ግባ!» አለ። ጣቱ የጠቆመው ሦስተኛውን በርጩማ ነበር። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ አብነት እንዲወጣ ተደረገ። አራቱ ጓደኞቹ ጨዋታውን ቀጠሉ፤ ኳሱንም ማንም ወደሌለበት ቦታ አቀበሉ። ከተቃራኒ ቡድን አንዱ ተከላካይ ፊቱ አመድ መሰለና ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፤ ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቅ። ኳሱ ተንከባሎ ግድግዳውን መታና ቆመ።

«እሰይ!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

አብነት ላቡን እየጠረገ ወደ አሰልጣኙ መጣ። ፎጣውን ዘርግቶ የሚቀመጥባት ሲሚንቶ ላይ እንኳ ተመልካች ሞልቶበታል።

«ጋሼ፣ የት ልቀመጥ?»

«ቆይ፣ አትጋርደኝ» አለው ጓንጉል።

አብነት ከፊቱ ዞር አለለት።

በማግስቱ እንግዳው መጣ። ጓንጉል ሌሊቱን በሐሳብ ሲገላበጥ አድሮ ቆርጦ ነበርና አፉን እስኪከፍት አልጠበቀውም።

«አልፈርምም! ጣቴን ብትቆርጠው አልፈርምም። አራትም ስጠኝ አርባ፣ ልጁ የትም አይሄድም።»

እንግዳው ባርኔጣውን አወለቀ። «እንዲፈርሙ ማን ጠየቀዎት? ልጁን ከሰጡኝ እኮ ቆዩ። እኔ የመጣሁት ላመሰግን ነው።»

ጓንጉል ወደ ሜዳው ሮጠ። አራት ልጆች ይለማመዳሉ።

«አብነት የት ሄደ?»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «የትኛው አብነት፣ ጋሼ?»

ወደ ዘርፌ ሄደ። «ዘርፌ፣ ሰባት ቁጥር የሚለብሰው ልጅ…»

«ምነው ጋሽ ጓንጉል፣ ደኅና አላደሩም እንዴ?» አለች እያዘነችለት። «ሰባት ቁጥርን ማን ለብሶት ያውቃል? ለሚመጣው የተቀመጠ አይደል?»

በሊቀመንበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የቡድኑ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። ጓንጉል ቀርቦ አየው። ልጆቹ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ቆመዋል። መሐል ላይ ሁለቱ ክንዳቸውን ዘርግተው ያቀፉት ባዶ አየር ነው።

ጓንጉል ሜዳው መሐል መሬት ላይ ተቀመጠ። ሌላው ቢረሳው እኔ አልረሳውም አለ። ዓይኑን ጨፍኖ የትናንቱን ኳስ፣ ያንን ከሩቅ የተወረወረውን፣ ሊያስታውስ ሞከረ። ድምፁ መጣለት። ልጁ ግን አልመጣለትም፤ አላየውም ነበርና። ሌላ ኳስ ፈለገ፣ ከዚያም ሌላ። ወደ አእምሮው የመጡት አብነት የሳታቸው ኳሶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱ አንድም ሳይቀሩ መጡለት።

ወዳጆቼ፣ ቡድን ተጫዋች ቢለውጥ ኃጢአት አይደለም። ነገን ማሰብም ክፉ አይደለም። ክፉው ነገር ስሕተት የማያውቀውን ያልመጣ ሰው፣ እየደከመና እየሳተ ፊታችን ከሚሮጠው ሰው ጋር ማወዳደር ነው። በዚህ ውድድር ያለው ሰው ሁልጊዜ ይሸነፋል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት ለዚህ ነው። ደግሞ ሰው ከእጃችን የሚወጣው ውል በፈረምን ቀን አይምሰላችሁ፤ እሱን ማየት በተውን ቀን ነው።

እስቲ ዛሬ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። «የት ልቀመጥ?» ብሎ የጠየቃችሁ፣ እናንተም «አትጋርደኝ» ያላችሁት ሰው ማን ነው?