ሆዷን ያስፈተሸችው ቅል

በሉ እንግዲህ፣ ላሟም በረቷ ገብታለች፣ በሩም ተዘግቷል፤ ተረቴን ልጀምር። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያምጣ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። አንተ ምንተስኖት፣ ገና አፌን ሳልከፍት "ከዚያስ?" ብትለኝ ውርድ ከራሴ፣ ተነስቼ እሄዳለሁ። ይሄ ተረት እኔን ራሴን ግራ የሚያጋባ ተረት ነው። ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ መሃሉ ላይ ስደርስ ግን ዛሬም እንደ አዲስ ግር ይለኛል።

በዱሮ ጊዜ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ጊዜ፣ አንድ ትልቅ ወንዝ ነበረ። ወንዙ አንድ መሻገሪያ ብቻ ነበረው። ከመሻገሪያው ዝቅ ብሎ ፏፏቴ አለ። ፏፏቴው ቀን ይጮሃል፣ ሌት ይጮሃል። ከወዲህ ያለው ከወዲያ ያለውን "ና!" ቢለው አይሰማም። "ተው!" ቢለው አይሰማም። ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ቢጮህም አይሰማም።

ውሃውም ድፍርስ ነበር። ጥልቀቱን ከዳር ሆኖ የሚያውቅ የለም። አዞ ይኑርበት አይኑርበት ከዳር ሆኖ የሚያውቅ የለም። የሚያውቁ አንድ አባ ጉሬዛ ብቻ ነበሩ። አባ ጉሬዛ ከወንዙ ማዶ፣ ትልቅ ሾላ ላይ ይኖሩ ነበር። ነጭና ጥቁር ካባቸውን ለብሰው ከሾላው ጫፍ ቁጭ ሲሉ፣ ወንዙ ከላይ እስከ ታች ወለል ብሎ ይታያቸዋል።

ታዲያ ወጉ እንዲህ ነበር። አባ ጉሬዛ ውሃውን ያዩና ከቅርንጫፉ ላይ አንድ ዕቃ ይሰቅላሉ። ቅል ከሰቀሉ "ተሻገሩ" ነው። ቀንድ ከሰቀሉ "ወንዙ ሞልቷል፣ አትግቡ" ነው። ገመድ ከሰቀሉ "አዞ አለ፣ ሽሹ" ነው። ለምን ቅል? ለምን ቀንድ? እኔን አትጠይቁኝ። የአባ ጉሬዛ አያት የዚያን ዕለት እጃቸው ላይ የተገኘውን ሰቀሉ፤ እንስሳው እሺ አለ፤ በዚያው ቀረ። አንዱ ሲሰቀል ሁለቱ የሾላው ግንድ ውስጥ ባለች ቀዳዳ ገብተው ይቀመጣሉ። ሥራ የፈታ ደግሞ ወሬ አያጣም።

ከሾላው በላይ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ሚዳቋ ትኖር ነበር። ገና እግሩ ያልጸና አንድ ግልገል ነበራት። ሚዳቋ ወዲህ ማዶ ተሻግራ ጨዋማ አፈር ካልላሰች ወተቷ ይደርቃል። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት ቅል ተሰቅሎ ስታይ ግልገሏን ሳመችና፣

"ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል፤ እንዳትጮህም። አያ ጅቦ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይወጣል። እኔ ከዚያ በፊት እመጣለሁ" አለችው።

ተሻገረች። አፈሯንም ላሰች። ቀና ስትል ግን ወንዙ ተቆጥቶ መጥቷል። ለካ ደጋው ላይ ዶፍ ወርዶ ኖሯል። አባ ጉሬዛ ቅሏን አውርደው ቀንዱን ሰቅለዋል። ሚዳቋም፣ "ግድ የለም፣ ይጎድላል። ከሰዓት ይጎድላል" እያለች ዳር ላይ ቆመች። አጠገቧ አህያና ከርከሮ ቆመው ነበር፤ እነሱም መሻገር ፈልገው።

እሷ ትቁም። እኛ ወደ ቀዳዳዋ እንግባ።

ቅል ቀዳዳዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ሐሳብ ገባት። ሐሳብ እንደ ቁንጫ ነው፤ አንዴ ከገባ እንቅልፍ የለም።

"አንተ ገመድ" አለች፣ "ቅድም እላይ ሆኜ ሁሉ ሲያየኝ 'ተሻገሩ' እል ነበር። አሁን እዚህ ገባሁ። ታዲያ 'ተሻገሩ' የት ገባ?"

"የት ይገባል? እኔ እንጃ" አለ ገመድ።

"እኔ ጋ ካለ ለምን አይታወቀኝም? እኔ ጋ ከሌለ ታዲያ እንስሳው ምን አይቶ ነው የሚሻገረው?"

"ኧረ በናትሽ፣ ልተኛበት" አለ ገመድ።

እሷ ግን አልተኛችም። በቀዳዳዋ አፍ እስስት ሲያልፍ አየችና ጠራችው።

"ጋሼ እስስት፣ እኔ 'ተሻገሩ' የምለው ለምንድን ነው?"

እስስት አንድ ዓይኑን ወደ እሷ፣ አንድ ዓይኑን ወደ ሰማይ አደረገ። "ክብ ስለሆንሽ ነዋ!" አለ። "ክብ ነገር ሆድ ይመስላል። የጠገበ ሆድ ደግሞ ደስ ይላል። ደስ ያለው ይሻገራል።"

ቅል ደስ ሊላት ሲል ገመድ ከጥጉ፣ "ድንጋዩም ክብ ነው፤ እሱን አይቶ የተሻገረ የለም" አላት። እስስትም ይሄን ሲሰማ ቀለሙን ለወጠና ሄደ። ድሮስ ከእስስት ምን ይጠበቃል!

ቀጥሎ ሽኮኮ መጣች። "እትዬ ሽኮኮ፣ እኔ 'ተሻገሩ' የምለው ለምንድን ነው?"

"ይሄም ይጠየቃል?" አለች ሽኮኮ። "ቅል ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የሚንሳፈፍ ይሻገራል። አለቀ።"

ገመድ አሁን በቁጣ ተነሳ። "አላለቀም! እኔ የሰመጠ የማወጣበት ገመድ ነኝ። ታዲያ ለምን 'አዞ አለ' እላለሁ? 'ኑ፣ አለሁላችሁ' ማለት የነበረብኝ እኔ አይደለሁም?"

ሽኮኮ አሰበች፣ አሰበች፣ ጺሟን ነካካች። "እሱስ እውነትህን ነው" አለችና እሷም ሄደች። ቅል የባሰውን ተምታታባት። መልስ ፍለጋ ወጥታ ጥያቄ ተሸክማ ገባች።

በሦስተኛነት ግንደ ቆርቁር መጣ። ይሄ ወፍ መዶሻ እንጂ ትዕግሥት የለውም።

"እኔ 'ተሻገሩ' የምለው ለምንድን ነው?" አለችው ቅል፣ እንባዋ ሊመጣ።

"እኔ በወሬ አላምንም" አለ ግንደ ቆርቁር። "ነገር ያለው ከውስጥ ነው። እንጨት ውስጥ ትል አለ፤ ቆርቁሬ አወጣዋለሁ። አንቺም ውስጥ 'ተሻገሩ' ካለ ቆርቁሬ አወጣልሻለሁ።"

"ተይ!" አለ ገመድ።

"ቆርቁረኝ!" አለች ቅል።

ቆ! ቆ! ቆ! አንገቷ ሥር ተቀደደ። ግንደ ቆርቁር አንገቱን አስገብቶ ፈተሸ። ቀኙን ፈተሸ፣ ግራውን ፈተሸ፣ ወለሉን ፈተሸ።

"አገኘኸው?" አለች፣ ትንፋሿን ይዛ።

"ደረቅ ፍሬ አለ። አቧራ አለ። 'ተሻገሩ' የሚባል ግን የለም" አለ። ይሄኔ ቅሏ ከአንገቷ እስከ ታች ጧ ብላ ተሰነጠቀች። ግንደ ቆርቁር የሠራውን ሲያይ ደነገጠና ተራራውን አልፎ በረረ። እስካሁንም አልተመለሰም።

ወዲያው ወንዙ ጎደለ። አባ ጉሬዛ ቀንዱን አውርደው ቅሏን ሊያወጡ እጃቸውን ቀዳዳዋ ውስጥ ሰደዱ። አንገቷን ይዘው ብድግ ሲያደርጓት ለሁለት ተከፈለች። አንዷ ገሚስ ወንዙ ውስጥ ወድቃ ሄደች። ሌላዋ ከሾላው ሥር፣ ሥሮቹ መሃል ተወሸቀች።

"ኧረ የኔ ጉድ! ምን አግኝቶሽ ነው?" አሉ አባ ጉሬዛ።

"ትርጉሜን ፈልጌ ነበር" አለች ገሚሷ። "አጣሁት።"

አባ ጉሬዛ ቆሌያቸው ተገፈፈ። ቅርንጫፉ ባዶ ነው። ከእሳቸው አያት ጀምሮ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ጀንበሯ ደግሞ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ከሾላው ጫፍ ሆነው አያ ጅቦ ከዋሻው ወጥቶ ሲያፋሽክ አዩት።

ወዲህ ማዶ ሚዳቋ ባዶውን ቅርንጫፍ አየች። "ባዶ ምን ማለት ነው?" አለች።

"አባ ጉሬዛ ሞተዋል ማለት ነው" አለ አህያ። "ነፍስ ይማር።"

"ኤዲያ! ወንዝ የለም ማለት ነው" አለ ከርከሮ። ወንዙ እግሩን እያጠበው!

አባ ጉሬዛ ጮኹ፤ ፏፏቴው ዋጠው። እጃቸውን አወናጨፉ። ሚዳቋ እጃቸውን አየች፤ "ና ነው ወይስ ሂድ ነው?" አለች።

"ተመለሱ ነው" አለ አህያ። "ምነው፣ አልሞቱም ነበር?" ሲለው ከርከሮ፣ "ቢሆንም" አለ አህያ። ከርከሮ ደግሞ፣ "ንብ ነድፏቸው ነው" አለ። የአህያና የከርከሮ ሸንጎ እንዲህ ነው፤ ዝናሽ አትሳቂ፣ የሰውም ከዚህ አይሻልም። ሚዳቋ ግን አልሳቀችም። አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ አገባች፣ አወጣች። ብትገባና ሞልቶ ቢሆን ግልገሉ እናት የለውም። ብትቀርና ጎድሎ ቢሆን እናት ግልገል የላትም።

ሾላው ላይ አባ ጉሬዛ ከራሳቸው ጋር ተከራከሩ። "ቀንዱን ልስቀል? ሞልቷል ማለት ነው። ገመዱን ልስቀል? አዞ አለ ማለት ነው። ሁለቱንም ልስቀል? ሞልቶ አዞም አለበት ማለት ነው። ወይ አበሳ!"

"እኔን ይስቀሉኝ" አለ ቀንድ። "ለዛሬ ብቻ 'ተሻገሩ' እላለሁ። ቃሌ ነው።"

"አንተ ብትል ማን ሊያውቅልህ?" አሉት አባ ጉሬዛ። "እኔና አንተ እዚህ ተስማማን፤ እሷ እዚያ አልሰማችም። አንተ 'ግቢ' እያልክ እሷ 'አትግቢ' ታነባለች።"

ቀንድ አፍሮ ቀዳዳዋ ውስጥ ገባ። አባ ጉሬዛ ዙሪያቸውን አዩ። ከጎናቸው ወፍ ትታው የሄደች፣ ነፋስ ያንጨባረራት አንዲት የሣር ጎጆ ነበረች። ነጠቁና ሰቀሏት። ለምን ጎጆ? እጃቸው ጋ ስለነበረች። ሌላ ምክንያት የለም።

"ጎጆ!" አለ አህያ። "ወደየጎጆአችሁ ግቡ ማለት ነው። ደህና እደሩ!" ብሎ ዞረ።

"የለም፣ ጎጆ የወፍ ነው። 'ብረሩ' ማለት ነው" አለ ከርከሮ፣ ጎኑን እያየ። ክንፍ ፍለጋ መሆኑ ነው።

ሚዳቋ ጎጆዋን አየቻት። ጎጆዋ ምንም አትነግራትም። እንደገና አየቻት። ጭንቅላቷ ዞረ። ከማዶ፣ ከፏፏቴው በላይ ከቁጥቋጦው በኩል አቧራ ሲነሳ አየች። ጅብ ሲሮጥ የሚያስነሳው አቧራ ነው። ይሄኔ ድንገት ቆም አለችና፣

"ይሄ ምን እንደሆነ አላውቅም" አለች።

"ካላወቅሽ አትግቢያ!" አለ አህያ።

"ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምን እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ቀንድ አይደለም። ቢሞላ ኖሮ ቀንድ ይሰቀል ነበር። ገመድም አይደለም። አዞ ቢኖር ኖሮ ገመድ ይሰቀል ነበር። ቀንድም ገመድም ሳይሆን አባ ጉሬዛ የሰቀሉት ነገር፣ ለእኔ ቅል ነው!"

ዘላ ገባች። ውሃው ጉልበቷ ላይ ቀረ። ሮጠች፣ ወጣች፣ ቁጥቋጦው ጋ ስትደርስ አያ ጅቦ አፍንጫውን ቅጠሉ ውስጥ ከቶ ነበር። "ተነስ!" ብላ ጮኸች። ግልገሉ እግሩ ሳይጸና ዘለለ። ወደ ገደሉ፣ ለጅብ ወደማይመች አለት፣ ሽቅብ በረሩ። አያ ጅቦ የግልገሉን መኝታ ሲያሸት ቀረ፤ እሱም ግራ ገባው፣ እራቱ የት እንደሄደ።

ሚዳቋ አለቱ ላይ ግልገሏን ላሰችው፣ ላሰችው፣ አልጠግብ አለች። አለቀሰችም። እንስሳ አያለቅስም ያላችሁ ዋሽቷችኋል።

በማግስቱ አባ ጉሬዛ ጎጆዋን ሰቀሉ፣ አህያ ተሻገረ። በሦስተኛው ቀን ሰቀሉ፣ ከርከሮም ተሻገረ፤ ክንፉን መፈለጉን ትቶ። ከዚያማ ቅል የሚባል እንደነበረ ያስታወሰ ጠፋ። ሥሮቹ መሃል የተወሸቀችው ገሚስ ቅል ብቻ ሽቅብ እያየች፣ "እሷስ? የእሷስ ሆድ ምን አለበት? ባዶ አይደለም እንዴ! ደግሞ ክብ እንኳ አይደለችም!" ትላለች። የሚመልስላት የለም። እውነቷን ነው፤ ባዶ ነው።

ግልገሉ ጎርምሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንዙ ዳር ሲቆም፣ "እማዬ፣ ጎጆ ለምን 'ተሻገሩ' ሆነ?" አላት።

ሚዳቋ አሰበች። ልታስረዳው አፏን ከፈተች፣ ተምታታባት፣ ዘጋችው።

"ቀንድ ስላልሆነ፤ ገመድ ስላልሆነ" አለችው በመጨረሻ። "ደግሞም ሁላችን እሺ ስላልን።"

"ይሄ ብቻ?"

"ይሄ ብቻ። ግን ዛሬ በሕይወት ያለኸው በዚህ ነው።"

እንግዲህ እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለ እሱ ይንገራችሁ፣ ዳቦውንም እሱ ይብላ። አበው ይበሉት አይበሉት እንጃ፣ እኔ ግን እላለሁ፦ ምልክት ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ይናገራል፤ ብቻውን ሆዱን ቢቀዱት አቧራ ነው።