ዘይት የምትበላው መኪናና የክርስትና አባቱ

እናንተ «እሺ» በሉኝ፤ እኔ ልቀጥል።

አንድ ሕፃን ነበር። ገና ሳይወለድ አባቱ የሞተበት። የፈለገው ትንሽ ነገር ነው፤ ክርስትና መነሣት። እናቱ ስንዱ በማለዳ ታቅፋው ዳገቱ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመች። ቄሱ፣ «የክርስትና አባቱ ሳይመጣ አላጠምቅም» አሉ።

የክርስትና አባቱ ደርቤ ነው፤ የሟች ጓደኛ። «ከአዲስ አትለይም» እያለ ሰፈሩን ያሰለቸባት መኪና አለችው። «ተነሺ፣ ዳገቱን እንውጣ» አላት። መኪናዋም፣ «ዘይት ሳልጠጣ አልወጣም» አለች። እሷ አልወጣም አለች፤ ቄሱ አላጠምቅም አሉ፤ ሕፃኑ ደጅ ቀረ።

ደርቤ ካለፈው የተረፈውን ዘይት አነሣ። ዘይቱም፣ «እኔ ቀጭን ነኝ፤ የአዲስ ሞተር ነኝ። በእሷ ውስጥ ሾልኬ ጭስ ነው የምሆነው። አልገባም! የራሷን ዘይት ፈልግላት» አለ። ዘይቱ አልገባም አለ፤ መኪናዋ አልወጣም አለች፤ ቄሱ አላጠምቅም አሉ፤ ሕፃኑ ደጅ ቀረ።

ሱቅ ሮጠ። ሱቁ ጎረቤት በጎረቤት ሆኗል። «እትዬ አስካለ፣ ዘይት ይስጡኝ።»

«ዕድሜዋን ሳትነግረኝ አልሰጥም። ባለፈው ‹አዲስ ናት› ብለህ ቀጭኑን ወስደህ ሰፈሩን በጭስ አጠንከው!»

ሰዉ ሳቀ። ደርቤን ላብ አጠመቀው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ምላሴ፣ ተናገሪ» አላት። ምላሱም፣ «ሀፍረት ይዛኛለች፤ አልናገርም» አለች። ሀፍረትም፣ «ይህ ሁሉ ሰው እያየ? አልለቅም!» አለች።

ሀፍረት አልለቅም አለች፤ ምላስ አልናገርም አለች፤ እትዬ አስካለ አልሰጥም አሉ፤ ዘይቱ አልገባም አለ፤ መኪናዋ አልወጣም አለች፤ ቄሱ አላጠምቅም አሉ፤ ሕፃኑ ደጅ ቀረ።

ይኼኔ ስልኩ ጮኸ። ስንዱ ነች። «ጋሼ፣ የት ደረሱ? ሰዎቹ ‹ምስኪን፣ ለክርስትናም አባት አጣ› እያሉ ነው።»

ደርቤ ስልኩን ዘጋ። ትልቋ ሀፍረት ስትገባ፣ ትንሿ ቦታ ለቃ ወጣች።

ሀፍረት ምላስን ለቀቀች። ምላስም ተናገረች፤ «አሮጊት ናት! ከእኔ ጋር ያረጀች ናት! ዘይት ትበላለች! ዋሽቼያችሁ ነው!» አንድም ሰው አልሳቀም። እትዬ አስካለ ወፍራሙን ዘይት ሰጡ፤ ዘይቱ ገባ፤ መኪናዋ እያቃሰተች ዳገቱን ወጣች፤ ደርቤ ደረሰ፤ ቄሱ አጠመቁ፤ ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ።

ቄሱ ሕፃኑን ሲዘረጉለት ግን ደርቤ እጁን ወደ ኋላ ደበቀ።

«እጄ ቆሽሿል አባቴ። ዘይት ነው።»

ቄሱ እጁን አዩ፤ መኪናዋንም አዩ።

«ያዘው እንጂ» አሉ፤ «አባቱ አይደለህም?»

ያዘው።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዘይቱን ግን መኪናዋ ጠጥታዋለች።