በአስካለ ስም የተከፈተው ገጽ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጫጩት እያስፈለፈለ የሚሸጥ ሀብታም። ለሀብት የበቃው ሁሉን በዓይኑ እያየ፣ በእጁ እየቆጠረ ነው። ሥራው ሰፍቶ ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ በየከተማው ሲበዙ ግን ዓይኑ አልደርስ አለው። ስለዚህ ሰርቨር ገዛ፤ ባለሙያም ቀጠረ። ባለሙያው ዳሽቦርድ ሠራለት፤ የተፈለፈለው፣ የተጫነው፣ የደረሰው ሁሉ በቁጥርና በቀለም የሚታይበት ገጽ። እያንዳንዱ የጣቢያ ኃላፊ በራሱ ስም ገብቶ የራሱን ጣቢያ ብቻ ያያል። ሁሉንም የሚያዩት ሀብታሙና ባለሙያው ብቻ ነበሩ።

ሀብታሙ በገጹ ፍቅር ወደቀ። ምሳ ሲበላ እንኳ ስልኩን ገልጦ ያያል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል እጁ ላይ ያለውን ጉርሻ ረስቶ ይስቃል። ከእንግዲህ ጭነት መጣ ብሎ ለጣቢያ መደወል ቀረ፤ ሁሉም ከገጹ ይመልከት ብሎ አዘዘ።

አስካለ የምትባል ኃላፊ ከሌላ ከተማ ተዛውራ አዲስ ጣቢያ ተረክባ ነበር። አንድ ጠዋት የመጀመሪያው ጭነት ሳታስበው ደጇ ላይ ደረሰ። ማሞቂያ ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር። የአንድ ቀን ጫጩት ደግሞ ብርድ አይችልም፤ ከሰል አቀጣጥላ ቤቱን እስክታሞቅ ብዙው አለቀ። ሀብታሙ በስልክ ሲቆጣት፣ ገጹ ጭነት አለሽ አላለኝም ብላ መለሰች።

ባለሙያው ተጠራ። ገጹን ቢከፍተው የአስካለ ጣቢያ፣ ጭነቱም ቀኑም፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ጋሼ፣ ሲስተሙ ምንም አልሆነም። ይኸው ይሠራል» አለ።

ሀብታሙም በስልኩ ከፈተና ያንኑ አየ። ሴትዮዋ ዋሽታለች ብሎ ቆረጠ፤ የጣቢያውን ቁልፍ እንድታስረክብ ወደ ዋናው ቢሮ አስጠራት።

በመጣች ቀን ግቢው በጫጩት ጩኸት ይናወጥ ነበር። አይሱዙው ላይ ካርቶን ይደረደራል፤ የሚሄደውም ወደ እርስዋው ጣቢያ ነው። ሀብታሙ ገጹን በፊቷ አስከፍቶ ይህ የማን ጣቢያ ነው ሲል ጠየቃት። አስካለ ጠጋ ብላ ረጅም ጊዜ አየች።

«እንዴት ያምራል ጋሼ» አለች፤ «እኔ እንዲህ ያለ ገጽ አይቼ አላውቅም። የእኔ ከሆነ በእኔ ስም ይክፈቱልኝ።»

ባለሙያው ሰርቨሩ አንድ ነው፣ የሚታየውም ያው ነው፣ ሰዓት አናባክን አለ። ሀብታሙ ግን ሚዛኑን የያዘው ሻጭ «ልክ ነው» ስላለው ብቻ ከፍሎ የማያውቅ ሰው ነበር። ከወንበሩ ተነሣ፤ በራሱ ስም የተከፈተውን ገጽ ዘጋና ነይ ተቀመጪ አላት። ስሟንና የይለፍ ቃሏን ጻፈች። ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ።

ገጹ ነጭ ሆኖ ተከፈተ። መሐሉ ላይ «ጭነት የለም» ይላል። ጭነቱ በመስኮት በኩል ይንጫጫል።

ሀብታሙ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ንዴት አልነበረም፤ የጠፋበትን ያገኘ ሰው ደስታ እንጂ። መኪናው እንዳይነሣ በመስኮት አሳወቀ። ባለሙያው ቶሎ እንዲያልቅ እንደ እኛ ሁሉን የምታይበት ፈቃድ ልስጣት አለ።

ሀብታሙ እጁን ያዘው። «እንደ እኛ ካየችማ፣ እኛ የማናየውን ማን ሊነግረን ነው? ይልቅ ለምን እንዳልታያት ፈልግ።»

ባለሙያው ፈልጎ አገኘው። የአስካለ ስም የተመዘገበው በቀድሞ ጣቢያዋ ምድብ ውስጥ ነበር፤ ያ ጣቢያ ደግሞ ተዘግቷል። እርስዋ ስትዛወር ፈቃዷ አብሯት አልተዛወረም። ሰርቨሩም ተከልክለሻል አይልም፤ ያልተፈቀደውን ደብቆ የተረፈውን ሙሉ አስመስሎ ያቀርባል። ለእርስዋ የተረፈው ባዶው ነበር።

ስሟን ወደ አዲሱ ምድብ አዛወረውና «እንደገና ግቢ» አላት። ገባች። ገጹ ከላይ እስከ ታች በቀለም ተሞላ። ባለሙያው ራሱን መግዛት አቅቶት አጨበጨበ። አስካለ ልታስረክብ ያስቀመጠችውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አድርጋ፣ ከሰሉን አሁኑኑ አቀጣጥሉ እያለች ለሠራተኞቿ በስልክ እየነገረች፣ እየሮጠች ወርዳ ከሾፌሩ አጠገብ ተፈናጠጠች።

ሀብታሙም የተዛወሩትን ኃላፊዎች ሁሉ በየስማቸው ገጹን አስከፈታቸው። ባዶ ገጽ እያዩ፣ ሥራ የቀዘቀዘ መስሏቸው በትዕግሥት የሚጠብቁ ሌሎችም ተገኙ።

አንተም እንደዚያ ባለሙያ ሲስተም የምትጠብቅ ልጄ፣ «ሰዎች ዳሽቦርዱ አልታየንም እያሉ ያስቸግሩኛል፣ እኔ ስከፍተው ግን ደህና ነው፣ እንግዲህ ማንን ልመን?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ያ ባለሙያ አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። አንተም ያየኸውን ትናገራለህ። ነገር ግን የምትገባው በሩን ሁሉ በሚከፍት ስም ነው። በጠያቂው ስም ገብተህ ሳታይ «ክፍት ነው» አትበል። ለአንተማ መቼ ተዘግቶብህ ያውቃል?