ኋላ የመጣው የሚቀድምበት ጉድጓድ

በምንጃር ቆላ የባንችይርጋ ጉድጓድ በሚባለው የእጅ ፓምፕ ዘንድ፣ ጠዋት ሰልፉ ሲሞላ ከሁሉ ኋላ የቆመው ሰው ይጠራና መጀመሪያ ይቀዳል። ቀድቶም «ባንችይርጋ፣ ነፍስሽን ይማር» ሳይል አይሄድም። ለዚሁ ብለው የሚያረፍዱ ብልጣብልጦች እንዳሉ አልክድም።

እንደሚነገረው ጉድጓዱን የቆፈረው ላርስ የሚባል የስዊድን ሰው ሲሆን፣ በምሳ እረፍቱ የአገሩን የካርታ ጨዋታ ለመንደሩ አስተማረ ይባላል። ለእያንዳንዱ አምስት ካርታ ይታደላል፤ አንዱ ሲጥል ሌላውም ያው ዓይነት ካለው ያንኑ ይጥላል፤ ትልቁ ይበላል፣ የበላውም ቀጣዩን ዙር ይጀምራል፤ ዓይነቱ የተለየ ካርታ ግን ንጉሥም ቢሆን አይበላም። የሚያሸንፈው ደግሞ አምስተኛውን ዙር የበላ ብቻ ነው፤ የፊተኞቹ አይቆጠሩም። በዚህ ጨዋታ የላይ ሰፈሩን ባላምባራስ ጓንጉልን የሚችል አልተገኘም።

ላርስ በአካባቢው ሲቆፍር ቆይቶ የቀረው ቧንቧ ለአንድ ጉድጓድ ብቻ የሚበቃ ሆነና «እኛ ጋ ይቆፈር» በማለት ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተጣሉ። ሽማግሌ ቢቀመጥም አልሆነም። ባላምባራስ «በካርታ ይለይ!» አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ! ከታች ሰፈር ጨዋታውን የምታውቀው ለቆፋሪዎቹ ወጥ የምትሠራው ባንችይርጋ ብቻ ነበረች፤ እሷም ከማየት በቀር ተጫውታ አታውቅም። ነገር ግን እርጉዝ ልጇ ከወንዝ እንስራ ተሸክማ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ወድቃ ፅንሱ ወርዶባት ነበርና እምቢ አላለችም።

ባላምባራስ ካርታውን እያጮሁ ሦስቱን ዙር በሉ። በአራተኛው ጥቁሩን ንጉሣቸውን ለመጨረሻ ቆጥበው የዚያኑ ዓይነት አስር ቁጥር ቢጥሉ፣ እሷ በንግሥት በላችባቸው። በእጇ የቀረችው ቀይ የዳይመንድ ሁለት ቁጥር ነበረችና እሷኑ ጣለች።

«ዳይመንድ አለዎት?» አለ ላርስ።

«የለኝም» አሉና ንጉሡን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

ውሃው ታች ሰፈር የወጣ ዕለት ባላምባራስ አፍረው ከሰልፉ ጭራ ቆመው ሳለ ባንችይርጋ አየቻቸው።

«ባላምባራስ፣ ምነው እዚያ? ይምጡ፣ ይቅደሙ እንጂ!»

«አሸንፈሽኝ ስታበቂ?»

«ንጉሡን ባይቆጥቡልኝ መቼ አሸንፍ ነበር! እግዜር ይስጥልኝ።»

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ጠጥተውም መረቋት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ላይ ሰፈርም እዚያው ይቀዳል።

ባለፈው በጋ እኔም አርፍጄ ደረስኩ፤ በእውነት ሳላስብበት ነው። «ጋሼ፣ ይምጡ» ብላ ጀሪካኔን የሞላችልኝ እርጉዝ ሴት ነበረች። ቤቷ ከፓምፑ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

«ባንችይርጋ፣ ነፍስሽን ይማር» አልኩ።